ሙልሙልና ጅራፍ፦ የደብረ ታቦርን በዓል ከልጆች ጋር በቤት ማዘጋጀት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ከጌታችን ከመድኃኒታችን ከኢየሱስ ክርስቶስ ዘጠኝ ዐበይት በዓላት አንዱ ነው። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ እንደ ወጣ፣ በፊታቸው መልኩ እንደ ተለወጠ፣ ሙሴና ኤልያስ ተገልጠው እንደ ተነጋገሩት፣ ከደመናውም የአብ ድምፅ እንደ ተሰማ ወንጌላውያኑ ጽፈውልናል (ማቴ. 17፥1-9፣ ማር. 9፥2-9፣ ሉቃ. 9፥28-36)። ምሥጢሩን ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በስፋት አስተምረውታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በዓሉ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ወደ ቤታችን፣ ወደ ምድጃችንና ወደ ልጆቻችን እጅ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ነው።

ሕዝቡ በዓሉን “ቡሄ” ይለዋል። ቡሄ ማለት ብራ፣ ብሩህ፣ ገላጣ ማለት እንደ ሆነ አበው ይናገራሉ፤ ስሙን ከተቦካው ሊጥ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። የዘንገናን ሐይቅ በከበቡት ደጋማ ቀበሌዎችም ሆነ በእንጅባራና በዳንግላ የሚኖር ሰው የመጀመሪያው ትርጕም ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሐምሌን ሙሉ ጉም የሸፈነው ተራራ፣ ዝናብ ያልተለየው መስክ፣ ጭቃ የዋጠው መንገድ በነሐሴ አጋማሽ አልፎ አልፎ ፀሐይ ማየት ሲጀምር፣ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ቤተ ክርስቲያን የብርሃኑን በዓል በዚህ ወቅት ስታከብር የገበሬው ዓይንና የወንጌሉ ቃል ይገናኛሉ።

ሙልሙል ዳቦው ከዚህ በዓል ጋር የተያያዘበትን ምክንያት ስንጠይቅ ግን ወንጌሉንና ትውፊቱን ለይቶ ማስረዳት ይገባል፤ ልጆች የሚጠይቁትም ይህንኑ ነውና። ወንጌላዊው ሉቃስ ደቀ መዛሙርቱ እንቅልፍ ከብዷቸው እንደ ነበርና ከተራራው የወረዱት በማግሥቱ እንደ ሆነ ይነግረናል (ሉቃ. 9፥32፣37)። ወንጌሉ የሚለው ይህን ነው። አበው ደግሞ በትውፊት ይጨምራሉ፦ በታቦር ተራራ ከተገለጠው ብርሃን የተነሣ በአካባቢው የነበሩ ሕፃናት እረኞች ቀኑ የመሸ ስላልመሰላቸው ከመንጋቸው ጋር በመስክ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ሙልሙሉ የዚያ ዳቦ፣ ችቦው የዚያ ብርሃን፣ የጅራፉ ጩኸት ደግሞ ከደመናው የተሰማው ድምፅና ደቀ መዛሙርቱን የጣላቸው ድንጋጤ መታሰቢያ ሆኖ ይተረጐማል። እንግዲህ ሙልሙል ከመነሻው ወላጅ ለልጁ በእጁ ይዞት የወጣ ዳቦ ነው። ልጁ ከቤት ርቆ ሳለ የቤቱ ጠረን ወዳለበት ደረሰለት ማለት ነው።

ዛሬ ይህ ዳቦ በብዙ ቤት የለም። ልጆች “ሆያ ሆዬ” ብለው በር ሲያንኳኩ የሚሰጣቸው የብር ኖት ነው፤ ሙልሙል ቢሰጣቸው ቅር የሚላቸው ልጆችም አሉ። ጭፈራውም ከምስጋና ይልቅ ወደ ገቢ ማሰባሰቢያ እያደላ፣ ዜማው ስለ በዓሉ ምንም የማይናገርበት ጊዜ በርክቷል። በልጆቹ ላይ መፍረድ ግን አይገባም። ልጅ የሚጠብቀው የለመደውን ነው፤ ብሩን ያስለመድነው እኛ ነን።

ገንዘብ መስጠት ኃጢአት ነው እያልን አይደለም። ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛበት ያጣ ልጅ ያገኘውን ብር ለትምህርቱ ቢያውለው መልካም ነው፤ እንደ እኔ ግምት ግን አብዛኛው ገንዘብ እዚያው ሱቅ ደጃፍ ያልቃል። ልዩነቱ ሌላ ነው። ብር ከማን እጅ እንደ መጣ አይታወቅም፤ ሙልሙል ግን ይታወቃል። የእገሊት እናት ዳቦ ጥቁር አዝሙድ ይበዛዋል፣ የእነ እገሌ ቤት ዳቦ ይጠነክራል እየተባለ በልጅነት የተበላ ዳቦ ሠላሳና አርባ ዓመት ይታወሳል። የተሰጠን ኖት ማን ያስታውሳል?

መጽሐፍ ቅዱስ በእጅ የተሠራ የወላጅ ስጦታን በአንድ አጭር ቃል መዝግቦልናል። ሐና ልጇን ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ቤት ከሰጠች በኋላ፣ በየዓመቱ መሥዋዕት ለማቅረብ ከባሏ ጋር ስትወጣ፣ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። ይህን ቃል ብዙዎቻችን ፈጥነን እናልፈዋለን። ነገር ግን አስቡት፦ ሐና ልጇን የምታየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ቁመቱ ምን ያህል እንደ ጨመረ፣ ትከሻው ምን ያህል እንደ ሰፋ አላየችም። መደረቢያውን በሠራች ቁጥር ልጇ ምን ያህል እንዳደገ በልቧ እየለካች መሆን አለበት። ለልጅ በእጅ መሥራት ማለት ልጁን በልብ መለካት ነው። ልጅ የአብነት ትምህርት ፍለጋ ከቤት የወጣባቸው እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሊጡ የሚያስተምረው

የሙልሙል ዝግጅት በዋዜማው ይጀምራል ማለት ለደጋ ሰው አይሠራም። በቆላ በሁለትና በሦስት ሰዓት የሚነሣ ሊጥ በዘንገና ብርድ፣ ያውም በነሐሴ፣ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ነሐሴ 11 ማታ ማቡካት፣ ዕቃውን በጋቢ ወይም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ ማሳደር ይሻላል። በዚህ ሌሊት ከልጆች ጋር የሚደረገው የመጀመሪያ ትምህርት መጠበቅ ነው። ልጅ እየደጋገመ ክዳኑን ሊከፍት ይፈልጋል፤ “እማዬ፣ ተነሣ?” ይላል። “ገና ነው፣ ልጄ” ይባላል። ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን ሴት ወስዳ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ በሸሸገችው እርሾ የመሰለበትን ምሳሌ (ማቴ. 13፥33) ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ትንሿ እርሾ ማንም ሳያያት ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ ጠዋት ሊጡ ክዳኑን ሊገፋ ሲደርስ፣ ልጁ ምሳሌውን በዓይኑ አይቶታል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ስድስት መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውኃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከቤት እርሾ ወይም ከሱቅ የተገዛ የዳቦ እርሾ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከተገኘም ጥቂት የምግብ ዘይት ይበቃል። ውኃውን ዱቄቱ የሚጠጣውን ያህል ጥቂት በጥቂት ማድረግ እንጂ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ አይመከርም። ከዚህ ስምንት ወይም ዐሥር መካከለኛ ሙልሙል ይወጣል። ልጆች የሚወዱት ሥራ ድቡልቡሉን በሁለት መዳፍ መካከል እያሽከረከሩ ማሞለሞል ነው፤ ጠማማ ይሁን፣ አንዱ ጫፍ ይወፍር፣ አታስተካክሉባቸው። ልጁ “የእኔ” ብሎ ከምጣዱ ላይ የሚለየው ያንን ጠማማውን ነውና። ከዚያ በኮባ ወይም በበቆሎ ቅጠል ላይ አድርጎ፣ በምጣድ፣ አክንባሎ ከድኖ ማብሰል ነው። የዳቦው ሆድ በጣት ሲመታ ባዶ ቅል የሚመስል ድምፅ ከሰጠ በስሏል። እሳቱንና ምጣዱን አዋቂ ይያዘው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። በዓሉ የሚውለው ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው በጾመ ፍልሰታ መካከል ስለ ሆነ ሙልሙሉ የጾም ዳቦ ነው፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይገባበትም። ከዳቦ ቤትና ከኬክ ቤት የሚገዛው ምን እንደ ገባበት ሁልጊዜ አይታወቅም፤ በቤት መጋገር ከዚህ ጥርጣሬም ያሳርፋል። ከሰባት ዓመት ጀምሮ መጾም የሚለማመዱ ልጆች ደግሞ ሊጡን ሲያሞለሙሉ ውለው፣ ዳቦው ሲሸታቸው የጾሙ ሰዓት እስኪደርስ መታገሣቸው ራሱ ታላቅ ልምምድ ነው። እናት “ቅመሽው” ከማለት ይልቅ አብራ ብትታገሥ ልጇ ጾምን በቃል ከሚሰጥ ትምህርት በበለጠ ትረዳዋለች።

ሁለተኛው “ወንድ ልጅ ሊጥ አይነካም” የሚለው አነጋገር ነው። በገጠሩም በከተማውም አሁንም ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዲያቆን እንደ መሆኑ ይህን ሲሰማ ዝም ማለት ይከብደዋል። ከሁሉ የሚከብረው ኅብስት፣ ለቅዱስ ቍርባን የሚቀርበው፣ የሚዘጋጀው በቤተ ልሔም ነው፤ ዱቄቱን የሚያቦኩት፣ የሚጋግሩትም ወንዶች፣ ያውም የክህነት አገልግሎት ያላቸው ናቸው። ወንድ ልጅ ነገ ዲያቆን ሆኖ በቤተ ልሔም በፍርሃትና በንጽሕና ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ዛሬ በእናቱ ማድቤት ቢለማመድ ምን ነውር አለበት? በእርግጥ ልዩነቱ ለልጆች በግልጽ ሊነገር ይገባል። የቤተ ልሔሙ ኅብስት በጸሎተ ቅዳሴ ተለውጦ ሥጋ ወደሙ የሚሆን ነው፤ የቤታችን ሙልሙል ግን በረከት የሚሆነን በምስጋና ስለምንቆርሰውና ለሌላው ስለምንሰጠው ነው። አንዱ ሌላውን አይተካውም። ነገር ግን በቤቱ ዳቦ ሲጋገር ፊቱን አማትቦ፣ እጁን ታጥቦ፣ “አባታችን ሆይ” ብሎ የጀመረ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ለሚያየው ነገር ዓይኑ ይከፈታል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ምእመናን ቤታቸውን ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርጉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከምግቡ ማዕድ ጋር የቃለ እግዚአብሔርን ማዕድ ደርበው እንዲዘረጉ ደጋግሞ አስተምሯል። ይህን ስንሰማ ብዙ ጊዜ የሚታየን አባት መጽሐፍ ይዞ፣ ልጆች ተደርድረው ሲያዳምጡ ነው። ያም ይገባል። ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም ወላጆች ለልጆቻቸው የእግዚአብሔርን ቃል እንዲያስተምሩ የታዘዙት በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ሁሉ ነው (ዘዳ. 6፥7)። ጢሞቴዎስም እምነቱን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እንደ ተቀበለ ቅዱስ ጳውሎስ ይመሰክራል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። አያት ከልጅ ጋር ረጅም ሰዓት የምትቀመጠው ወዴት ነው? ምድጃው አጠገብ አይደለምን? አብርሃም እንግዶቹን ሲቀበል ሣራን ዱቄት እንድትለውስ፣ እንጎቻም እንድትጋግር እንደ ነገራት (ዘፍ. 18፥6) የሰማ ልጅ፣ እጁ በሊጥ ተለውሶ ሳለ የሰማውን አይረሳም።

የአባት ድርሻ

ሙልሙሉ በብዛት የእናት ሥራ ሆኖ ቢቆይም ጅራፉ የአባትና የታላቅ ወንድም ነው። ጅራፍ ከሱቅ አይገዛም፤ ከልጥ ወይም ከቃጫ በእጅ ይገመዳል፤ ከእጀታው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ይህን ሥራ አባት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ቢሠራው፣ አንዱን ጫፍ ልጁ ይዞ ሌላውን አባት ቢያከረው፣ አንድ ምሽት ያለ ስልክና ያለ ቴሌቪዥን ያልፋል። ጅራፉ ሲጮህ ለምን እንደሚጮህ መናገርም የአባት ድርሻ ነው፤ ያልተነገረው ልጅ ጅራፍን የመጋረፊያ መሣሪያ ብቻ ያደርገዋል። ሰው ወደሌለበት፣ ከዓይን ርቆ እንዲያጮኸው መጠበቅም አይረሳ።

በእንጅባራና በአካባቢዋ የቀርከሃ ሥራ የታወቀ ነው። ወንበሩ፣ መደርደሪያው፣ ቅርጫቱ ለገበያ ይሠራል። ከዚህ ሥራ የሚተርፈው ቍራጭ ለልጅ ብዙ ነገር ይሆናል፤ አባት ለሙልሙሉ መያዣ የሚሆን ትንሽ ቅርጫት ከልጁ ጋር ቢሠራ፣ የሚመጣውን ዓመትም ያገለግላል።

ዳቦው ወዴት ይሄዳል?

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ልጆች ዳቦውን አብረው ጋግረው፣ አብረው በልተው ቢያበቁ በዓሉ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ሙልሙል የሚጋገረው ሊሰጥ ነው፤ ሰጪውም ልጁ ራሱ ቢሆን ይመረጣል።

በልማዳችን የክርስትና አባትና እናት ለክርስትና ልጆቻቸው በቡሄ ሙልሙል ይሰጣሉ። ይህ በጥምቀት የተገባው የመንፈሳዊ ወላጅነት ቃል በየዓመቱ የሚታደስበት ትንሽ ምልክት ነው። ክርስትና ካነሣን በኋላ ዓመታት ሙሉ ያላየነው ልጅ ካለ፣ ለእርሱ የሚሆን አንድ ሙልሙል ከራሳችን ልጆች ጋር ጋግሮ፣ ልጆቻችንን አስከትሎ መውሰድ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። እረኞችም አሉ። በዓሉ የእነርሱ መታሰቢያ ሆኖ ሳለ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከራሳቸው እናት እጅ ሙልሙል የማያገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። የአብነት ተማሪዎችም ደብረ ታቦርን በልዩ ሁኔታ የሚያከብሩት በዓላቸው ነው፤ ከሩቅ አገር መጥተው በጎጆ የሚኖሩት እነዚህ ልጆች የሐናን ሳሙኤል ይመስላሉ፤ እናታቸው ግን መደረቢያ ይዛ በየዓመቱ ላትደርስ ትችላለች። በእኛ ቤት ያለች ሌላ እናት ልትደርስላቸው ትችላለች።

“ስንዴ የለንም” የሚል ቤት ይኖራል። ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልበት፣ አዲሱ አዝመራ ገና ያልደረሰበት ወር ነው፤ የዱቄት ዋጋ የከተማውንም ሰው ያስጨንቃል። ለዚህ መልሱ በወንጌል አለ። ጌታችን አምስት ሺህ ሰው ያጠገበበት የአንድ ብላቴና አምስት እንጀራ የገብስ እንጀራ ነበር (ዮሐ. 6፥9)። ገብስ ደግሞ የአዊ ደጋ የሚያውቀው እህል ነው። የገብስ ሙልሙል እንደ ስንዴው አይነፋም፣ ቶሎም ይደርቃል፤ በዓሉን ግን አያሳንሰውም። የሰራፕታዋ መበለት ለራሷና ለልጇ የቀረላት አንድ እፍኝ ዱቄት ብቻ ሳለ አስቀድማ ለኤልያስ ጋገረች (1ኛ ነገ. 17፥8-16)። ከልጇ ጋር የምትኖር እናት እንደ ነበረች ልብ በሉ፤ የዚያች ቀን ዳቦ ለማን አስቀድሞ እንደ ተሰጠ ልጇም አይቷል።

በክልላችን ባለፉት ዓመታት በተከሠተው ግጭት ምክንያት ልጆች ማታ ተሰብስበው በየቤቱ መዞር ያልቻሉባቸው አካባቢዎች ብዙ ናቸው፤ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የከረሙም አሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወላጆች “ዘንድሮ ቡሄ የለም” ብለው በዓሉን ባይዘጉት መልካም ነው። የዋዜማውን ዳቦ በቀን መጋገር፣ የጎረቤት ልጆችን ገና ሳይመሽ በአንድ ግቢ መሰብሰብ፣ መዝሙሩን እዚያው ማስዘመር፣ ለያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሙልሙል ሰጥቶ በጊዜ ወደ ቤቱ መሸኘት ይቻላል። ቤታቸውን ጥለው የተሰደዱ ቤተሰቦች ልጆች በአቅራቢያ ካሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠሩት እነርሱ ናቸው። በዓሉ የተገኘው ወላጆች ልጆቻቸውን ፍለጋ በሌሊት ከወጡበት ትውፊት ነውና፣ ስለ ልጆች የሚጨነቅ ወላጅ ለዚህ በዓል እንግዳ አይደለም።

በአዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ በውጭ አገርም ያላችሁ ምእመናን፣ ምጣድና ኮባ የለም ብላችሁ አትተዉት። በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በብረት ድስት ከድኖ መጋገር ይቻላል። ነሐሴ 13 በጎርጎርዮሳውያኑ አቈጣጠር ኦገስት 19 ስለሚውል በብዙ የውጭ አገር ትምህርት ቤቶች የዕረፍት ወቅት ነው። ከታች ላለው ጎረቤት በልጅ እጅ አንድ ትኩስ ዳቦ መላክ ልጁን “ይህ ምንድን ነው?” የሚል ጥያቄ ያስከትልበታል፤ መልሱን ደግሞ አስቀድሞ በቤት ሊማረው ይገባል፤ ጌታችን በተራራ ላይ ክብሩን እንደ ገለጠ፣ ሦስት ደቀ መዛሙርት እንዳዩት፣ እኛም ያንን ብርሃን እንደምናስብ፣ በአጭሩ መናገር ከቻለ ይበቃል።

ከቡሄ እስከ ዘመን መለወጫ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው የሚቀረው። ወንዶች ልጆች የመላእክትንና የአበባን ሥዕል ሥለው በመስከረም 1 ጠዋት ለዘመድና ለጎረቤት የሚያበረክቱት ልማድም እንዲሁ በታተመ ካርድ እየተተካ ነው። ሙልሙሉን ያሞለሞለ እጅ ቀለሙንም ለመያዝ አያንስም፤ ወረቀቱንና ቀለሙን የጾሙ ሱባኤ እንዳበቃ ገዝቶ ማስቀመጥ፣ ጳጉሜን እስኪገባም አለመጠበቅ ይሻላል፤ ልጆች ለሥራው ጊዜ ይፈልጋሉና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።